ጥፋቱ የቀቢው አልነበረም

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ «የዘንድሮው ቀለም የትኛው ነው? ሳሎናችንን ልናስቀባ ነው» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ በአንድ ቃል ያልቃል። ግን ጥያቄዋን ሳነብ ያለጥፋቱ የተወቀሰ አንድ ቀለም ቀቢ ትዝ አለኝ፤ ከወቃሾቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። የእኔ ነገር እዚህ ይብቃ፤ የሚጠቅማችሁ ግድግዳው ነው።

ክፍሉ 4 በ3.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.7። መስኮቱ አንድ ነው፤ ሰማይ ያያል እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም። ጊዜው ቤቱም ቢሮውም ግራጫ የለበሰበት ነበር። ከካታሎግ የተመረጠው ስስ ግራጫ ሱቅ ውስጥ፣ በ4000 ኬልቪን ፍሎረሰንት ሥር (ኬልቪን የብርሃን መልክ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ሲቀንስ ወደ ቢጫ ያደላል)፣ እንደ ወንዝ ጠጠር የረጋ ነበር። ግድግዳው ላይ ሁለት እጅ ተቀብቶ ሲደርቅ ግን ጠዋት ሰማያዊ፣ ማታ ደግሞ ከክሬሙ ሶፋ ጀርባ ሐምራዊ ሆነ። ሁሉም ቀቢው ላይ ዞረ፦ «ሌላ ነገር ቀላቅለህብናል»። ሰውየው መልስ አልሰጠም፤ ከዚያው ባልዲ ሦስተኛ እጅ ቀባ። ያው ሆነ።

ያው ከመሆን በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር። በነጭና በጥቁር ብቻ የተሠራ ግራጫ ከመነሻው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የካርቦን ጥቁር በነጭ ሲቀጥን ሰማያዊነቱ ይወጣል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኝ ክፍል የሚበራው ከሰማይ በሚመጣ ብርሃን ነው፤ ያ ብርሃን ከ6500 ኬልቪን በላይ ስለሚሆን ራሱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ። በዚያ ላይ ካታሎጉ ላይ ያለችው ቁራጭ የጣት ስፋት ናት፤ አራት ግድግዳ ግን እርስ በርሱ እየተንጸባረቀ ቀለሙን ያጠነክረዋል። ለዚህ ነው ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ የፈዘዘውን ውሰዱ የምላችሁ። ግራጫውን ማዳንም ይቻል ነበር፦ በ1 ሊትር ላይ ቢጫ ኦክሳይድ የተባለውን ማቅለሚያ በሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ጨምሮ፣ በደንብ አማስሎ፣ ወረቀት ላይ ቀብቶ፣ አድርቆ ማየት፤ ካልበቃ ሌላ 1 ሚሊ ሊትር። እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሳለ የወተት መልክ አለው፤ ሲደርቅ ይጠቁራል።

ሐምራዊውን ያመጣው ደግሞ ሶፋው ነው። ክሬም ውስጡ ቢጫ አለው፤ ዓይን ቢጫ ሲያይ አጠገቡ ያለውን ግራጫ ወደ ቢጫ ተቃራኒ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ ይገፋዋል። ይህን በደንብ ያስረዳው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኡጄን ሼቭረል ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪሱ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። እዚያ አንድ የቆየ ስሞታ ጠበቀው፦ ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፤ ነካሪዎቹ አበላሽተውታል። ክሩን ሌላ ቦታ ከተነከረው ጋር አስተያየው፤ ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን የሚያደክሙት አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች ነበሩ። ግኝቱን በ1839 በመጽሐፍ አወጣ። ነካሪዎቹ ይቅርታ ተጠይቀው እንደሆነ አላነበብኩም፤ የእኛ ቀቢ ግን አልተጠየቀም።

መጋረጃውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ጨርቁ ፖሊስተር፣ የትራሶቹ ልብስ ጥጥ፤ ሱቅ ውስጥ መንታ ነበሩ፣ ማታ በ2700 ኬልቪን አምፖል ሥር አንዱ አረንጓዴ ቢጤ፣ ሌላው ቀይ ቢጤ ሆኑ። ፖሊስተርና ጥጥ አንድ ዓይነት ማቅለሚያ አይቀበሉም፤ ሁለቱ ማቅለሚያዎች በአንድ ብርሃን ቢገጥሙ በሌላው ይለያያሉ። ልብስ የምትሰፉም አስቡበት፦ ዚፑና ክሩ ፖሊስተር፣ ጨርቁ ጥጥ ከሆነ በቀን ብርሃንም በአምፖልም ሥር ሳታዩ አትቁረጡ። ከአንድ ጣቃ ወደ ሌላ ጣቃ መሸጋገርም በአንድ ልብስ ውስጥ አይሆንም። ለመጋረጃ ደግሞ የብርሃን መቋቋም ደረጃውን ጠይቁ፤ መለኪያው ከ1 እስከ 8 ነው፣ ከ5 በታች ከሆነ ተዉት።

አሁን ወደ «ዘንድሮ ቀለም» ልምጣ። ፓንቶን የተባለው የቀለም ኩባንያ የዓመቱን ቀለም ማወጅ የጀመረው ሴሩሊያን በተባለው ሰማያዊ እ.ኤ.አ. ለ2000 ነው። እ.ኤ.አ. ለ2016 ሮዝና ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ለ2021 ግራጫና ቢጫ አብረው ታወጁ። ከአዋጁ ጋር ክፍል አይታወጅም፤ መስኮቱ ወዴት እንደሆነ፣ ሶፋው ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። እናንተ ደግሞ፣ ልጆች፣ ቀለሙን ከስልክ ነው የምትመርጡት። የስልኩ ብርሃን ከውስጥ ይወጣል፣ ግድግዳ ግን ያገኘውን ብቻ ይመልሳል፤ ማታ ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚወስደውን ማስተካከያ ከፍታችሁ ግራጫ ስትመርጡ ሳይ ምን እንደምላችሁ ግራ ይገባኛል።

የዓመቱን ቀለም አትስሙ ልል ነበር፤ ግን እኔም ሲወጣ ለማየት እቸኩላለሁ፣ ደስም ይለኛል። ስሙት፤ ትራስ ላይ፣ ቦርሳ ላይ፣ ሻርፕ ላይ አውሉት። ሻርፑ አገጭ ሥር ስለሚሆን ቀለሙ ፊት ላይ ይንጸባረቃል፤ ካልተስማማችሁ ወደ ቀሚስ ወይም ወደ ጫማ አውርዱት።

ለጠያቂዋ፦ ፓንቶን እ.ኤ.አ. ለ2026 የመረጠው ነጭ ነው፣ ክላውድ ዳንሰር ይሉታል። ነጭ ደግሞ የጎረቤቱን ቀለም በመውሰድ የሚያህለው የለም። ስለዚህ ወፈር ያለ ካርቶን አምጪ፣ ከ40 በ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ሁለት እጅ ቀቢው፣ ዳሩን ግን 5 ሳንቲ ሜትር ሳትቀቢ ተዪው፤ የድሮው ግድግዳ ቀለም ዓይንሽን እንዳያታልለው። ሳይደርቅ አትዪው። ከዚያ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ አምፖል በርቶ፣ አንዴ መስኮቱ አጠገብ፣ አንዴ ሶፋው ጀርባ፣ አንዴ ጥግ ላይ አቁሚው። ሁለት ቀን ይበቃል። አምፖል መቀየር ካሰብሽ አስቀድመሽ ቀይሪ፤ ቀለም የማሳየት ደረጃው (CRI የሚባለው፣ ከ100 የሚለካው) 90 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።

ልኩ ይህን ይመስላል፦ ከላይ ለነገርኳችሁ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር፣ በ2.7 ሲባዛ 40.5፤ በርና መስኮት ወደ 4 ካሬ ሲቀነስ 36.5፤ ለሁለት እጅ 73 ካሬ። 1 ሊትር 10 ካሬ ቢሸፍን 7.3 ይሆናል፤ 8 ሊትር ግዢ። ሁሉንም ጣሳ አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጠሽ አደባልቂ፤ አለዚያ አንዱ ጣሳ ያለቀበት ቦታ መስመር ሆኖ ይታያል።

ካርቶኑን አትጣዪው። ጀርባው ላይ የቀለሙን ቁጥርና ማቅለሚያ ጨምረሽበት ከሆነ ሚሊ ሊትሩን ጽፈሽ ለቀቢው ስጪው። ግድግዳው ሲደርቅ አብራችሁ ታስተያዩታላችሁ።