ሚያዝያ 27 ጎንደር የት ነበረች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዘዞ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን አዲስ አበባ ወስጄ የስድስት ኪሎንና የአራት ኪሎን ሐውልቶች አስጎብኝቻቸው ነበር። አንዱ ልጅ «ሁለቱም ቀጥ ብለው የቆሙ ድንጋዮች ናቸው፤ ለምን ይመሳሰላሉ?» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ሚያዝያ 27 እኛም ነጻ ወጣን?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠሁት መልስ ለራሴም አላጠገበኝ። (መምህርት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ልጄ፣ የልጅቱን ላስቀድም። አልወጣንም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጥልያን እጅ ነበረች። የጥልያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ እዚያ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ግድግዳዬ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በጣቴ እየነካሁ ቆጥሬዋለሁ፤ ጳጉሜን ጨምሮ 206 ቀን ይሆናል። አዲስ አበባ እልል ስትል የበጌምድር አርበኞች፣ እነ አሞራው ውብነህ፣ ክረምቱን ሙሉ ከምሽግ ጋር ተፋጠው ከረሙ። ደባርቅ አጠገብ ከሊማሊሞ አናት ላይ የነበረው ምሽግ በመስከረም እጁን ሰጠ። ኅዳር 12 የቁልቋል በር ምሽግ ወደቀ። ከአርበኞቹ ጋር እንግሊዞች ብቻ አልነበሩም፤ ከኬንያ የመጡ ወታደሮችም ተዋግተዋል፤ እነሱን የሚያነሳቸው ሰው ግን እምብዛም አይገጥመኝም።

እናቴ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ኅዳር 12 እንደምታውቂው ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ጥራጊው በየደጁ ተከምሮ የሚታጠንበት ቀን። እስክትሞት ድረስ ኅዳር በታጠነ ቁጥር በራፏ ላይ ቆማ ጭሱን እያየች «የቁልቋል በር ጭስ» ትለው ነበር። ጎንደር የተለቀቀችበትንም በቁጥር አታውቀውም፤ «ለኅዳር ጽዮን ሦስት ቀን ሲቀረው» ነበር የምትለው። ልክ ናት።

ቀኑም ቢሆን እንደ ድንጋዩ ተተክሎ የቆመ እንዳይመስልሽ። ሚያዝያ 27 የጥልያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ በ1928 አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ስለሆነ፣ ጃንሆይ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን መግባታቸው ትልቅ ነገር ነው። ደርግ ግን በዓሉን ከንጉሡ ለማላቀቅ ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን የያዘበት ቀን መሆኑ ነው። በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ሁለቱም ግን የአዲስ አበባ ቀኖች ናቸው።

ወደ ድንጋዮቹ ልምጣ። የስድስት ኪሎው የኀዘን፣ የአራት ኪሎው የድል ነው። ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ሕዝቡ ምጽዋት ይታደላል ተብሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ተሰብስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥልያን ሦስት ቀን ሙሉ ከተማውን ጨፈጨፈ። ያ ግቢ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሐውልቱም የቆመው ከደጁ ነው። እኔ የቦታውን ምርጫ የዲዛይኑ ግማሽ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ቁመቱ 28 ሜትር ነው። የቀረጹት የዩጎዝላቪያ ሰዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው፤ አውጉስቲንቺች ሐረር ላይ የራስ መኮንንን የፈረስ ሐውልትም ሠርቷል። ጎብኚ ሁሉ አንገቱን አንጋጦ ጫፉን ፎቶግራፍ ያነሳል። እኔ ተማሪዎቼን ግርጌውን እንዲዞሩ አደርግ ነበር፤ የጭፍጨፋው ታሪክ በነሐስ የተቀረጸው እዚያ ነው።

ለምን ይመሳሰላሉ ላለው ልጅ አክሱምን አስታውሺው። ቀጥ ያለ ድንጋይ አቁሞ ሙትን ማሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ጨምሪለት፦ እነዚህ ሁለቱ ሲተከሉ፣ ፋሺስት ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ገና ሮም ከተማ ቆሞ ነበር። የተመለሰው በ1997 ነው።

ለሚቀጥለው ጉብኝት ደግሞ የአውቶቡስ ገንዘብ አታስወጪያቸው። ፋሲል ግቢ ግቡና የታላቁ ኢያሱን ቤተ መንግሥት አሳያቸው። ጥልያን ግቢውን የጦር ማዘዣው አድርጎት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደብድበውታል፤ በምድር መንቀጥቀጥ ተጎድቶ የኖረውን ቤት ቦምቡ ባሰበት። እዚያ ጣሪያ ከሌለው ክፍል ውስጥ አቁሚያቸውና ወደ ላይ ያንጋጡ።

ጥያቄ፦ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት የጦርነት መታሰቢያ ይባላል? (ከአራዳ)

መልስ፦ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ እጄን ለእንግሊዝ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ያጠፉ ንጉሥ ናቸውና፣ ቢባል አልቃወምም። ነገር ግን እርስዎም እንደሚያውቁት በ1859 ጎንደርን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉት እሳቸው ናቸው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ በዚያ ካለፈች ዘንቢሏን አስቀምጣ ቀና ትልና «አንተ የቋራ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምን አደረገህ?» ትለው ነበር። ከዚያ እጅ ነስታ ትሄዳለች።