ለዲዝል ሂሉክስ ትልቅ ዲናሞ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ባለ 3ኤል ዲዝል ሞተር የሆነው አሮጌው ሂሉክስህ ተጨማሪ የፊት መብራትና ትንሽ ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ከተገጠመለት ወዲህ፣ ማታ መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆም መብራቱ እንደሚደበዝዝና ጠዋት ሞተሪኖው እየከበደው እንደሚያስነሳ ጽፈሃል። 120 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ በርካሽ ስላገኘህም ልግዛው ወይ ብለሃል። እኔም በዚሁ ሞተር የሚሠራ ፒክአፕ ለዓመታት ስለነዳሁና ዲናሞውንም ስለቀየርኩ የማውቀውን ላካፍልህ። ዲናሞው ከጀርባው የቫኪዩም ፓምፕ (አየር እየመጠጠ ፍሬኑን የሚያግዝ) እንዳለው በዓይንህ እስክታይ ድረስ አትግዛው።

ይህን ያስቀደምኩት የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር በሚያስገባበት መንገድ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ስላለው ራሱ ቫኪዩም ይፈጥራል፤ የፍሬኑ ሰርቮ (ፔዳሉን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዘው ክፍል) ጉልበት የሚያገኘውም ከዚያ ነው። ዲዝል ሞተር ለዚህ የሚበቃ ቫኪዩም ስለማይፈጥር በእነዚህ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተቀምጦ በዚያው ዘንግ ይዞራል። የሞተር ዘይት በቀጭኑ ቱቦ ይገባለታል፤ በወፍራሙ ቱቦ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ኮፓው፣ ይመለሳል። ከቤንዚን መኪና የወጣ ዲናሞ ማሰሪያው ላይ ቢገጥም እንኳ ይህ ፓምፕ የለውም። በአምፔሩ ብዛት ተስቦ እንዲህ ዓይነቱን ያስገጠመ ሰው አውቃለሁ። ከጋራዡ ሲወጣ መብራቱ ፍንትው ብሎ ነበር፤ የፍሬን ፔዳሉ ግን ድንጋይ ሆኖ መኪናውን ለማቆም ሁለት እግር ያስፈልግ ነበር። በዚህ ሁኔታ ጭነት ይዞ የዓባይ በረሃን ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት መውረድ ሕይወት ያስከፍላል። ይህን እያወቀ ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ለዲዝል መኪና የሚገጥም ባለሙያ ካለ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ደበዘዘው መብራት እንምጣ። እንደ እኔ ግምት ጥፋቱ የዲናሞው ብቻ አይደለም። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዝ። ሌሊቱን ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ቀጥሎ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውንና ቬንቲላተሩን ሁሉ አብርተህ ነዳጁን ትንሽ ረገጥ አድርግ፤ አንዱን የቴስተር ጫፍ በዲናሞው ወፍራም ብሎን ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አሳርፍ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበብህ ኃይሉ በመንገድ እየቀረ ነው። በዲናሞው አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከልም እንዲሁ ለካ፤ በእነዚህ ዕድሜ በጠገቡ መኪኖች ላይ የማሳው ገመድ (ኔጌቲቩን ከመኪናው አካልና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው) ዝጎ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ገመዱ ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበኝ በቁጥር ላሳይህ። ሁለት ሜትር ርዝመትና 8 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ 100 አምፔር ሲያልፍበት 0.43 ቮልት ያህል ይበላል፤ ይህም 43 ዋት ሙቀት ሆኖ በገመዱ ላይ ይቀራል። በ25 ካሬ ሚሊ ሜትር ብትተካው ብክነቱ ወደ 0.14 ቮልት ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌውን ገመድ ሳይነኩ ትልቅ ዲናሞ መግጠም ለእሳት መጋበዝ ነው። አዲሱ ገመድ ፊውዝ ይኑረው፤ ፊውዙ ገመዱ በሚችለው መጠን የተመረጠ ይሁን፤ ቦታውም በባትሪው በኩል ነው፤ ምክንያቱም ገመዱ ተልጦ ብረት ቢነካ ትልቁን ኃይል የሚለቅቀው ባትሪው ነው።

በእውነቱ 120 አምፔር አያስፈልግህም። ዋናዎቹ ሁለት አምፖሎች 10 አምፔር ገደማ፣ የጨመርካቸው ሁለት ባለ 55 ዋቶች 9፣ ማቀዝቀዣው 5፣ ቬንቲላተሩ እስከ 15 ቢወስዱ 40 አይሞላም። ሞተሩ ራሱ የሚፈልገውን ብትጨምርበት 80 አምፔር ከበቂ በላይ ነው። ሻጩን መጠየቅ ያለብህ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ስንት እንደሚሰጥ ነው። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚገኘው ዲናሞው በኃይል ሲዞር ነው፤ በሚኒሞ ግን ግማሹንም ላይሰጥ ይችላል፤ አንተን የሚያስቸግርህ ደግሞ ቆመህ ስትጠብቅ ነው። ቺንጋውንም አትርሳ። 100 አምፔር በ14 ቮልት ማለት 1,400 ዋት ነው፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ቺንጋው ከሦስት የፈረስ ጉልበት በላይ መጎተት አለበት። አንድ ቀጭን ቺንጋ ብቻ ካለህ መንሸራተትና መጮህ ይጀምራል።

እኔ ብሆን ገመዱንና ማሳውን አስቀድሜ እቀይራለሁ። መብራቶቹን በሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) አድርጌ ኃይላቸውን በቀጥታ ከባትሪ እወስዳለሁ። የራሱን የመኪናውን ዲናሞ ኩሽኔታውን፣ ካርቦኑንና ሬጉሌተሩን (ቮልቱን የሚቆጣጠረውን) አሳድሳለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ካላበቃ አሮጌውን ዲናሞ በእጅህ ይዘህ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውረድ፤ ማሰሪያውን፣ ፑሌጃውን፣ የዘይት ቱቦዎቹን መግቢያና የሶኬቱን ቅርጽ ጎን ለጎን አስተያይ። ከአይሱዙ የጭነት መኪና የወጣ ባለ ፓምፕ ዲናሞ 24 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ሰሌዳውን ሳታነብ አትክፈል።

ስትገጥም የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድመህ ንቀል። ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት በፓምፑ መግቢያ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርግበት፤ ደረቁን እንዳይዞር። የዘይት ቱቦዎቹን የመዳብ ማሸጊያ ቀለበቶች በአዲስ ተካ፤ ዘይት ወደ ዲናሞው ከገባ ካርቦኑን ይጨርሰዋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ፍሬኑን ቆመህ ደጋግመህ ረግጠህ ሳትፈትን ከግቢ አትውጣ። ዲናሞው ይሠራል አይሠራም የሚለውን ለማየት ሞተሩ እየሠራ ባትሪ የሚነቅል ባለሙያ ከገጠመህ ደግሞ እጁን ያዘው፤ በዚያች ቅጽበት የሚዘልለው ቮልት ሬጉሌተሩንና ሬድዮኑን ሊያቃጥል ይችላል።

ዛሬ ማታ ከለካህ ሁለቱን ንባቦች፣ የፖዘቲቩንም የማሳውንም፣ ጻፍልኝ፤ የገመዱን ውፍረት አብረን እንመርጣለን።