«አገገመ» እና «አንሰራራ»፦ የቱን መቼ?

እህቴ፣ «ሪፖርት ላይ "ታካሚዋ አንሰራርታለች" ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ብዙ ዓመት በነርስነት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ለሪፖርት «አገገመች» ይሻላል።

«አገገመ» ቀስ በቀስ የሚሆን ነገር ነው። ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው መጀመሪያ አጥሚት ይቀምሳል። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ሲበረታ ግድግዳ ተደግፎ ሽንት ቤት ይደርሳል። ይሄ ሁሉ ማገገም ነው፣ ሰውየው ገና ጨርሶ ሳይድንም። በ2012 ኮሮና ሲገባ የየዕለቱ መግለጫ «ያገገሙ» እያለ ይቆጥር ስለነበር ቃሉን ሁሉም ለመደው። በሽተኛው ራሱ ግን ስንጠይቀው «አገገምኩ» ሲል ብዙም አልሰማሁም። «ተሻለኝ» ይላል፤ ክፉኛ ታሞ የተነሳው ደግሞ «ተመስገን፣ አሁን ገና ነፍስ ዘራሁ» ይላል። ቁስልም አያገግምም፤ ይጠግጋል፣ ይሽራል። «አላህ ያሽርህ» ስንል የምንመርቀው በዚሁ ቃል ነው።

«አንሰራራ» ሌላ ነው። አለቀለት ከተባለ በኋላ መነሳት አለበት። ማሽላ ዝናብ ሲጠፋበት ቅጠሉን ጠቅልሎ ዝም ብሎ ይቆማል፤ የደረቀ ነው የሚመስለው። ዝናብ ሲያገኝ ቅጠሉን ዘርግቶ ማደጉን ይቀጥላል። ያኔ «ማሽላው አንሰራራ» ቢባል ልክ ነው። ቀነኒሳ በቀለንም እይው። «ከጉዳቱ አገገመ» ስንል የምናወራው ስለ እግሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የበርሊን ማራቶንን በ2:01:41 ሲያሸንፍ፣ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ፣ ያ ግን ማንሰራራት ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ «አንሰራራ» ለክፉም ይሆናል። «ወባ ዳግም አንሰራራ»፣ «ጠላት እንዳያንሰራራ» እንላለን። ወባ ግን አታገግምም! በሽታው እዚያው ሰው ላይ ከተመለሰ ደግሞ «አገረሸበት» ነው።

ዜና ላይ «ኢኮኖሚውን ለማገገም» የሚሉትን ስሰማ በጣም ይከነክነኛል። የሚያገግመው ራሱ ኢኮኖሚው ነው፤ «እንዲያገግም ለማድረግ» ማለት ምን ይከብዳል?

ለአንቺ፣ ታካሚዋ አልጋ ላይ ካለች «በማገገም ላይ ትገኛለች»፣ ከወጣች «ተሽሏት ወጥታለች» ብለሽ ጻፊ።