ቡቺ፣ ነስሩ እና «ፖዘቲቭ» ያለው ወረቀት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ቡቺ የሚባል የአምስት ዓመት ወንድ ውሻ አለኝ። ከዘጠኝ ወር በፊት ትኩሳት ይዞት፣ ምግብ እምቢ ብሎ ሲተኛብኝ ክሊኒክ ወሰድኩት። ደሙ ተመርምሮ በመዥገር የሚተላለፍ «ኤርሊኪያ» የሚባል በሽታ እንዳለበት ተነገረኝ፤ ዶክሲሳይክሊንም ታዘዘለት። በሳምንቱ ፍጹም ደህና ስለሆነ የቀረውን ኪኒን አቆምኩ። ትናንት ግን ከአንዱ የአፍንጫው ቀዳዳ ነስር መጣው። በፈጣኑ ምርመራ እንደገና ሲታይ አሁንም ፖዘቲቭ ነው ተባለ። መዥገሩን ሁልጊዜ ማታ ማታ ስለምለቅምለት በሽታው ከየት እንደመጣበት አልገባኝም። የመጀመሪያው በሽታ አልዳነም ማለት ነው ወይስ አዲስ ይዞት ነው? የሦስት ዓመት ልጄ ከእርሱ ጋር ስትጫወት ስለምትውል ሊተላለፍባት ይችላል? ድመትም አለችኝ፤ ለቡቺ ጀርባው ላይ የማደርግለትን የመዥገር ጠብታ ለእርሷም ጥቂት ባደርግላትስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እጀምራለሁ፤ ምናልባት ይህን ሲያነቡ ጠብታው በእጅዎ ይሆናል። ለድመቷ አያድርጉላት፤ አንዲት ጠብታም ቢሆን። ለውሻ ከሚሠሩት የመዥገር ጠብታዎች ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ አላቸው። የውሻ ጉበት ይህን ኬሚካል በቶሎ አፍርሶ ያስወግደዋል። የድመት ጉበት ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኢንዛይም እጅግ አነስተኛ ስለሆነ መርዙ በሰውነቷ ይከማቻል። በሰዓታት ውስጥ ጆሮዋና ጡንቻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሰው ትንፈራገጣለች፤ በጊዜ ካልታከመችም ትሞታለች። በሥራዬ ከሚያበሳጩኝ ሞቶች ዋናው ይህ ነው፤ ድመቷን የሚገድላት በሽታ ሳይሆን የባለቤቷ ደግነት ነውና። ቡቺን ብቻ ቀብተው ከሆነም እንዳትልሰውና አጠገቡ እንዳትተኛ ለሁለት ለሦስት ቀን ለይተው ያቆዩዋት። ቀድሞውኑ አድርገውላት ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ያጥቧትና ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ወደ ክሊኒክ ይውሰዷት። ለድመት ተብለው የተሠሩ መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪሟ በክብደቷ ልክ መርጦ ይሰጥዎታል።

አሁን ወደ ቡቺ። ነስር ለቀጠሮ የሚያድር ጉዳይ አይደለም፤ ፈጣኑ ምርመራ ብቻ ተደርጎለት ከተመለሰ ዛሬውኑ መልሰው ይውሰዱት። እስከዚያ እንዳይሮጥና እንዳይደሰት ጸጥ ያለ ቦታ ያቆዩት። አስፕሪንም ሆነ ሌላ የሰው ማስታገሻ አይስጡት፤ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ በነስር ላይ ነስር መጨመር ነው።

በሽታው የሚሄድበትን መንገድ ልንገርዎ፤ የሳምንቱ «ደህንነት» ያሳሳተዎት ለምን እንደሆነ ከዚያ ይገባዎታል። ኤርሊኪያ ኬኒስ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1935 በአልጄሪያው የፓስተር ተቋም ሲሆን፣ ዶናቲየንና ሌስቶካርድ የተባሉ ተመራማሪዎች መዥገር የወረራቸው ውሾች በከባድ ትኩሳትና በደም ማነስ ሲታመሙ አይተው ነው የደረሱበት። ለብዙ ዓመታት ከተመራማሪዎች በቀር ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ዓለም ልብ ያለው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ጦር ወደዚያ ከወሰዳቸው ውሾች፣ በተለይም ከጀርመን እረኛ ዝርያዎቹ፣ ከ150 የሚበልጡት አለቁ። አብዛኞቹን የለየላቸው ምልክት ምን ነበር? ነስር።

ምክንያቱ የበሽታው ሦስት ምዕራፍ ነው። መዥገሩ ከነከሰ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳቱ፣ ድካሙና የንፍፊቶች እብጠት ይመጣል፤ ቡቺን ያኔ ያስተኛው ይህ ነው። ይህ ምዕራፍ ያለ መድኃኒትም እንኳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ውሻው የሚበላበት፣ የሚጮህበት፣ ጭራውን የሚቆላበት ረጅም ጸጥታ ይከተላል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያው በጣፊያው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። አንዳንድ ውሾች በራሳቸው ኃይል ያጠፉታል፤ ሌሎቹ ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ይሻገራሉ። በዚያ ምዕራፍ የአጥንት መቅኔ ደም ማምረቱን እየተወ ይሄዳል፤ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ የቀሩትም ሥራቸውን በአግባቡ አይሠሩም። ስለዚህ የፕላትሌት ቁጥሩ ያን ያህል ሳይወርድ እንኳ ውሻ ሊነስረው ይችላል። ዶክሲሳይክሊን በመጀመሪያው ምዕራፍ ሲሰጥ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ያሳያል፤ ጥሩነቱም ተንኮሉም ይኸው ፍጥነቱ ነው። በሳምንቱ ተነሥቶ የሚዘልል ውሻ እያዩ ለሦስት ሳምንት ኪኒን ማስዋጥ ለማንም ከባድ ስለሆነ አልወቅስዎትም።

«አልዳነም ወይስ አዲስ ነው?» ላሉት፣ ያ ፖዘቲቭ ያለው ወረቀት መልስ የለውም። ፈጣኑ ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው የሚፈልገው። እነዚህ ደግሞ ውሻው ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት በደሙ ይቆያሉ። የጅብ ዱካ በደጅዎ አዩ ማለት ጅብ አልፏል ማለት ነው፤ አሁን የት እንዳለ ግን ዱካው አይነግርዎትም። መዥገር በሚበዛባቸው ሞቃት አገሮች ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው በዚህ ምርመራ ፖዘቲቭ የሚሆኑ ውሾች ብዙ ናቸው። ወረቀቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት የሚደጋግም ሐኪም አልወድም፤ ወረቀቱ ኔጋቲቭ እስኪል በየወሩ የሚያስመረምር ባለቤትም ገንዘቡን ያባክናል።

ለቡቺ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ሙሉ የደም ቆጠራ ይሠራለት፤ ፕላትሌቱ፣ ቀይና ነጭ ሕዋሳቱ ስንት እንደሆኑ ይታይ። የጤናማ ውሻ ፕላትሌት በማይክሮ ሊትር ደም በግምት ከ200,000 እስከ 500,000 ነው። የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይመርመር፤ የደም ፕሮቲኑና ኩላሊቱም ይታይ። የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው ፒ.ሲ.አር. ካለ ይጠቅማል፤ ፖዘቲቭ ካለ ባክቴሪያው አለ። ኔጋቲቭ ሲል ግን ሙሉ ለሙሉ አይመኑት። ተመራማሪዎች ዶክሲሳይክሊን ለሁለት ሳምንት ብቻ በወሰዱ ውሾች ላይ ንጹሕ መዥገሮችን አስቀምጠው ደም እንዲመጥጡ አድርገው ነበር። የውሾቹ ደም በፒ.ሲ.አር. ንጹሕ ሆኖ ሳለ በመዥገሮቹ ውስጥ የባክቴሪያው ዘረመል ተገኘ። መዥገር ከላቦራቶሪ የተሻለ መርማሪ ሆነ ማለት ነው!

ነስር ሌላ መነሻም ሊኖረው እንደሚችል ሐኪምዎ ያስብበት፤ የአይጥ መርዝ፣ አፍንጫ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር፣ ዕጢ፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ሊሽማንያም ያነስራሉ። ኤርሊኪያን የሚያስተላልፈው ቡናማው የውሻ መዥገር ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈርሰውን ባቤዥያንም ይሸከማል። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ቡናማ ወይም ቀይ ከሆነ ባቤዥያ ይፈለግለት፤ መድኃኒቱ ሌላ ስለሆነ ዶክሲሳይክሊን ብቻውን አይበቃውም።

ኤርሊኪያ መሆኑ ከተረጋገጠ የተለመደው ሕክምና በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን፣ ለ28 ቀን ነው። ሐኪምዎ ይዘዘው፤ ቤት የተረፈውን የዘጠኝ ወር ኪኒን ግን አይስጡት። ኪኒኑን ከምግብ ጋር ይስጡ፣ ውኃም ያስከትሉ፤ በደረቁ ጉሮሮ ላይ ከቆመ ያቆስላል። በተለይ በድመት ላይ ጉሮሮን እስከማጥበብ ይደርሳል። የመሻሉ ምስክር የፕላትሌቱ ቁጥር ነው፤ በሕክምናው ጊዜና ካበቃ በኋላ ይቆጠርለት። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሶ መቅኔው ክፉኛ ከተጎዳ ሕክምናው እንደሚከብድም ልደብቅዎት አልፈልግም።

መዥገሩን ማታ ማታ እየለቀሙለት እንዴት ያዘው? መልቀሙ መልካም ነው፤ አይተዉት። ነገር ግን ሁሉም በሽታ የሚተላለፍበት ፍጥነት አንድ አይደለም። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በመዥገሩ አንጀት ውስጥ ስለሚኖር ወደ ምራቁ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ ማታ የነቀሉት መዥገር ጠዋት ነክሶ ቢሆን እንኳ ብዙ ጊዜ ያመልጡታል። ኤርሊኪያ ግን መዥገሩ ከተጣበቀ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጀምሮ ሊተላለፍ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ጠዋት የተጣበቀው ማታ ሲነቀል ሥራውን ጨርሷል። በዚህ ላይ ክትባት የለውም፤ አንዴ ታሞ የዳነ ውሻም ዳግመኛ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። መዥገሩ ሳይነክስ የሚያባርሩ የአንገት ማሰሪያዎችና ጠብታዎች አሉ፤ ከነከሰ በኋላ የሚገድሉ የሚዋጡ ኪኒኖችም አሉ። ድመት ባለችበት ቤት የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙን ይጠይቁ። ቡቺ የሚጥል ሕመም ካለበትም አስቀድመው ይንገሩት፤ ከሚዋጡት አንዳንዶቹ ሊቀሰቅሱበት ይችላሉና።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ቤቱ ነው። ይህ መዥገር እንደሌሎቹ ሣር ውስጥ ብቻ አይኖርም፤ ልደቱንም ሞቱንም በቤት ውስጥ ሊፈጽም ይችላል። ጠግባ እንደ ባቄላ ያበጠች ሴት መዥገር ከውሻው ወርዳ ግድግዳ ላይ ትወጣለች፤ በስንጥቅ፣ በበር መቃን፣ በምንጣፍ ጠርዝ ውስጥ ጥቂት ሺህ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። የሚፈለፈሉት ደግሞ ለማደግ ሦስት ጊዜ ውሻ ላይ ይወጣሉ፤ በእጭነት፣ በኩብኩባነት፣ በአዋቂነት። በየመካከሉ ወርደው ይደበቃሉ፤ ደም ሳያገኙም ለወራት ይቆያሉ። ማታ የሚለቅሙት እንግዲህ የቀኑን እንግዳ ብቻ ነው፤ ባለቤቶቹ ግድግዳው ውስጥ ናቸው። የቡቺን ማደሪያ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ይጠቡ፣ ስንጥቁን ይድፈኑ፣ ካስፈለገም የቤት ፀረ ተባይ የሚረጭ ባለሙያ ይጥሩ፤ ሲረጭ ግን ድመቷ ከቤት ትውጣ። ሲለቅሙ ደግሞ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ያዝ አድርገው ቀጥ ብለው ይሳቡ። ጋዝ መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት አያስፈልግም። በጣት መጨፍለቅም ይቅር። ቡቺም መዥገሩን በጥርሱ ነቅሎ እንዳይበላ ይጠብቁት፤ ሄፓቶዞን የሚባለው ተውሳክ ውሻን የሚይዘው በንክሻ ሳይሆን መዥገሩ ሲዋጥ ነው።

ልጅዎ ቡቺን በማቀፏ፣ በመሳሟም ሆነ እርሱ ስለላሳት ኤርሊኪያ አይይዛትም። ውሻው ከቤት ይውጣ የሚልዎት ሰው ካለ አይስሙት። ሥጋቱ መዥገሩ ራሱ ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ከሰው ይልቅ ውሻን ይመርጣል፤ ሙቀት ሲበረታ ወይም በቤቱ ሲበዛ ግን ሰውንም ይነክሳል፤ ሪኬትሲያ የተባሉ ትኩሳት አምጪ ባክቴሪያዎችንም ሊያስተላልፍ ይችላል። ማታ ቡቺን ሲፈትሹ የልጅዎንም ጆሮ ጀርባ፣ የራስ ቅሏን፣ ብብቷንና ብሽሽቷን ይዩ። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ሽፍታ ከታየባት፣ ወይም ቆዳዋ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ትንሽ ቁስል ካዩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። መዥገር በቤት እንዳለ መጀመሪያ ይንገሩት፤ ካልነገሩት ላይጠይቅ ይችላል፣ ሕክምናው ደግሞ መዘግየት አይወድም።

ድመቷን በተመለከተ ከመዥገር ይልቅ ቁንጫዋን ይጠንቀቁ። ባርቶኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ከድመት ወደ ድመት የሚያዛምተው ቁንጫ ነው፤ በቁንጫ ኩስ የተበከለ ጥፍር ሲቧጭር ወደ ሰው ይገባል። ድመቷ ልጅዎን ከቧጨረቻት ወዲያው በሳሙናና በውኃ ይጠቡላት። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ በብብቷ ወይም በአንገቷ ንፍፊት ካበጠ ግን የጭረቱን ነገር ለሐኪሟ ያንሡ።