የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በዓይን መጻፊያው ከሰዓት በኋላ ለምን ይስታል?

ጥያቄ፦ አባታችን ኤኤልኤስ የተባለው የነርቭ ሕመም አለባቸው፤ እጃቸውም አንደበታቸውም አይታዘዝላቸውም። በዓይን የሚጽፉበት መሣሪያ ጠዋት ጠዋት በደንብ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ግን ወይ ዓይናቸውን ጨርሶ ያጣዋል፣ ወይ ካዩት ፊደል አጠገብ ያለውን ይመርጣል። በየቀኑ ካሊብሬሽን (መሣሪያውን ከዓይናቸው ጋር የማለማመዱን ሥራ) ብንደግምም ለውጥ የለም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማጣትና መሳት ምክንያታቸው የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ይያዟቸው። መሣሪያው በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል፤ ካሜራው የብሌኑን መሐልና ብርሃኑ ዓይን ላይ የሚፈጥረውን ነጸብራቅ አይቶ፣ በሁለቱ መካከል ካለው ርቀት እይታው የት እንዳረፈ ያሰላል። ዓይኑን ጨርሶ ሲያጣ እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ተሸፍኖበታል። የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ፀሐይ ናት፤ እሷም ኢንፍራሬድ ስላላት በመስኮት ገብታ ፊታቸው ወይም ካሜራው ላይ ካረፈች ነጸብራቁን ታጠፋዋለች። መጋረጃ ይዝጉ፣ ካልሆነም ወንበሩን ያዙሩት። ቀጥሎ መነጽር ነው። ሌንሱ የራሱን ነጸብራቅ ስለሚፈጥር ስክሪኑን ጥቂት ማዘንበል ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የሩቅና የቅርብ እይታ በአንድ ላይ ያለበት መነጽር ከሆነ ግን ለስክሪኑ ርቀት ብቻ የተሠራ ሌንስ ይሻላቸዋል። ሲደክማቸው የዓይን ቆባቸው የሚወርድ ከሆነ ስክሪኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ዓይን ወደ ላይ ሲያይ ቆቡም አብሮ ይነሣል። የደረቀ ዓይንም ነጸብራቁን ያደበዝዛል። ሐኪም ያዘዘው ማርጠቢያ ጠብታ ካለ ከተጨመረ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ዓይኑ እንዳቀረረ መሣሪያው ይደናገራልና።

ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ከሆነ ደግሞ የተንሸራተቱት አባትዎ ናቸው። ጠዋት ቀና ብለው የተቀመጡ ሰው ከሰዓት በኋላ ከወንበራቸው ዝቅ ይላሉ፣ ጭንቅላታቸውም ያዘነብላል። ትራሱን ያስተካክሉ። ከዓይናቸው እስከ ስክሪኑ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከ50 ባይቀርብ፣ ከ70 ባይርቅ ይመረጣል። ስክሪኑ ከፊታቸው ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ተንጋለው ከሆነ እሱም በላያቸው ያዘንብል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሁለቱን ዓይኖች እንደ ሁለት ነጥብ የሚያሳይ መስኮት አላቸው፤ ነጥቦቹ መሐል ላይ እስኪሆኑ ድረስ ካሊብሬሽን አይንኩ። በተጣመመ አቀማመጥ የተሠራ ካሊብሬሽን ጠማማውን ነው የሚያጸድቀው። የወንበሩን ጎማና የማቆሚያውን እግር ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ 60 ሴንቲ ሜትር ክርም ማቆሚያው ላይ ይሰሩ። ማንም ተረኛ አስታማሚ ያለ ጥያቄ ይለካል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ያየችው ነገር ሁሉ ይከፈታል። ዝም ብላ ስክሪኑን ማየት እንኳ አልቻለችም።

መልስ፦ መሣሪያው አንድ ነገር ላይ ዓይን ሲቆይ «ተመረጠ» ይላል፤ የቆይታው ጊዜ አጥሮባታል። ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ አድርገው ይጀምሩ፤ ስትለምድ በ0.1 ሰከንድ ይቀንሱላት። ከስክሪኑ አንድ ጥግ ላይ ምንም የማይመረጥበት ማረፊያ ይተዉ። በአንድ ገጽ 2 ወይም 4 ትልልቅ ሥዕሎች ለመነሻ ይበቃሉ። ገና ከመጀመሪያው 40 ሥዕል መደርደር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ልጅቷ «አትችልም» የምትባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ መሣሪያው ሲጠፋ ወይም ስንታጠብ ምን እናድርግ? ያለ ኤሌክትሪክ በዓይን እየጠቆሙ የሚጽፉበት፣ በፊደላችን የሚሠራ ሰሌዳ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ መሣሪያ ያለው ሰውም ሊኖረው ይገባል። 60 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ወስደው መሐሉን ፊት ለፊት ለመተያየት ይቅደዱት። ዙሪያውን 8 ቦታ ይኖረዋል፦ አራቱ ማዕዘንና አራቱ ጎን። ከ33ቱ ፊደላት ድምፃቸው የሚደገመውን ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ሲተዉ 27 ይቀራሉ። በ7 ቦታ አራት አራት አድርገው ያስቀምጧቸው፤ የመጨረሻው ሦስት ይይዛል። ስምንተኛው ቦታ «ተሳስቷል» ይሁን። በየቡድኑ ያሉትን ፊደላት በአራት ቀለም ይጻፉና አራቱን ማዕዘኖችም በነዚያው ቀለሞች ምልክት ያድርጉ። የመጀመሪያው እይታ ቡድኑን፣ ሁለተኛው ቀለሙን ይነግርዎታል። ሦስተኛው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ነው፤ 7ቱን ቦታዎች በቁጥር ይሰይሙ። ሦስተኛውን ግን በየፊደሉ አይጠይቁ፤ «ወ» እና «ሀ» ከመጡ ውሃ ነው ብለው ጮክ ብለው ይገምቱ፣ ካልሆነ ብቻ ወደ ቁጥሩ ይሂዱ። ጊዜና ድካም ይቀንሳል።

ሰሌዳው ከእርስዎ በኩል ተገልብጦ ስለሚታይ ፊደላቱን በጀርባውም ይለጥፉ። ከእያንዳንዱ እይታ በኋላ ተናጋሪው በቀዳዳው ዓይንዎን ይይ፤ «ጨረስኩ» ማለቱ ነው። «አዎ» ወደ ላይ ማየት፣ «አይደለም» ወደ ታች ማየት ይሁን። በመርገብገብ አይስማሙ፤ ሰው ሳያስበው ይረገበገባል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የአንጎል ግንዱ በስትሮክ ተጎድቶ ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ያንቀሳቅሳል። ይህ ሰሌዳ ይሆነዋል?

መልስ፦ አይሆነውም፤ ወደ ጎን ማየትን ይጠይቃል። እርስዎ የቡድኖቹን ስም በተራ ይጥሩ፣ የሚፈልገው ቡድን ሲጠራ እሱ ወደ ላይ ይይ፤ ከዚያ በቡድኑ ውስጥ ያሉትን ፊደላት በተራ ይጥሩ። ቀስ ያለ ነው፣ ይሠራል ግን። የቡድኖቹን ቅደም ተከተል አይቀያይሩበት።

ጥያቄ፦ የተለየ መሣሪያ ሳንገዛ በስልክ መሞከር እንችላለን?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 18፣ በፊት ካሜራው ብቻ ዓይን የመከታተል አማራጭ አለው፤ ቅንብሮች ውስጥ ተደራሽነት የሚለው ሥር ይገኛል። ስልኩ በእጅ ሳይያዝ ጸንቶ ይቁም፣ ከፊት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። በኢንፍራሬድ እንደሚሠራው መሣሪያ ትክክለኛ ስላልሆነ ለትንንሽ የፊደል ቁልፎች አንመክረውም፤ ለጥቂት ትልልቅ አዝራሮች ግን ይሞከር።