ቅርብ ያለውን ጫካ ስንቴ ሄዳችሁበታል?

ከከተማ ወጣ ብሎ ስለ መንሸራሸር የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት እሱን ነውና።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው። የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። በየቅዳሜው አዲስ ቦታ ፈልገን እንወጣለን። ባለፈው ሳምንት ለመሄድና ለመመለስ 5 ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀመጥን፤ ሜዳው ላይ የቆየነው ግን 40 ደቂቃ ነው። ልጆቹ አለቀሱ፣ እኛም ተጣላን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አዲስ ቦታ መፈለጉን ለጊዜው ተዪው። ከቤታችሁ ግማሽ ሰዓት የማይርቅ አንድ ቦታ ምረጡና ደጋግማችሁ ሂዱበት። አንዴ አይታችሁት «አይተነዋል» አትበሉ።

ይህን የምልሽ ከራሴ ተነስቼ ነው። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ አንድ የወንዝ ዳር መንገድ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከልጄ ጋር ተመላልሰንበታል። በመጀመሪያው ዓመት ያየነው ዛፍና ውሃ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ልጄ ዓሣ የምታድን ሰማያዊ ወፍ የቱ ቅርንጫፍ ላይ እንደምታርፍ አወቀች። ገና ሳንደርስ እጄን ትይዝና «እማ፣ ቀስ በይ» ትለኛለች። በሦስተኛው ዓመት ወንዙ ዳሩን ቆርሶ አንድ ትልቅ ዛፍ ጣለ። በወደቀው ግንድ ላይ መጀመሪያ እንጉዳይ፣ ቀጥሎ የዛፍ ሽበት፣ ቆይቶ ደግሞ ትንንሽ ችግኞች ሲወጡ አየን። በየሳምንቱ ቦታ እየቀያየርን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አናየውም ነበር።

«ቅርብ ምን አለ?» ትዪኝ ይሆናል። የሳተላይት ካርታ ክፈቺና የወንዞቹን መስመር ተከተዪ። ወንዝ ዳርና ገደላማ ቦታ ቤት ለመሥራት ስለማይመች ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የውሃ ግድብ ዙሪያ፣ የዕፅዋት ማዕከል፣ የድሮ መካነ መቃብር፣ የአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ያለበት ሰፈር፣ እነዚህንም እያጎላሽ እያቸው። ትልቅ ከተማ ሁሉ ሲሚንቶ ብቻ አይደለም። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 የተቋቋመ ነው። አንበሳና አውራሪስ የሚኖሩት የከተማዋ ፎቆች እየታዩ ነው። ሪዮ ዴ ጃኔሮ መሃል ያለው የቲዡካ ደን ደግሞ ለቡና እርሻ ተመንጥሮ ነበር። የከተማዋ ውሃ ሲጎድል እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ ዛፍ እየተተከለ ተመልሶ ደን ሆነ። ያኔ የተተከለው ችግኝ ዛሬ ሰው ጥላው ሥር ይሄዳል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለ ልጆቹ አንድ ነገር ልጨምር። የ4 ዓመት ልጅ «እዚያ እንድረስ» የሚለው ነገር አይገባውም። ጉንዳን ካየ እዚያው ቁጭ ይላል። እባክሽ አትጎትቺው። አብራችሁ ቁጭ በሉ። ያን ቀን ከመኪናው 200 ሜትር ብቻ ብትርቁም ሽርሽሩ አልተበላሸም።

ደግሞ ቅዳሜን ብቻ አትጠብቂ። እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ አገር ወደ 20 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ መሃል የሚያሳልፉ ሰዎች ስለ ጤናቸው የተሻለ ነገር ተናግረዋል። ጊዜውን በአንድ ቀን ጨረሱት ወይስ ከፋፈሉት፣ ለውጥ አላመጣም። እርግጥ ነው፣ ጤነኛ ሰው ቀድሞም መውጣት ስለሚቀለው ይሆናል። ቢሆንም ማክሰኞ ማታ 30 ደቂቃ፣ ሐሙስ 30 ደቂቃ፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ለእናንተ ከ5 ሰዓት መኪና በእጅጉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ካርታው መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ ደግሞ 700 ሜትር ነው ይላል። በሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ ብዬ ወጣሁ። አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝና በጨለማ ወረድኩ። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጉልበትዎ ምንም አልጎደለውም። ስህተቱ ሒሳቡ ላይ ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ቀመር አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ይያዛል፤ ለ600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በእርስዎ መንገድ ላይ እናስላው። ለርቀቱ አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ድምሩ 2 ሰዓት ከ46 ይሆናል። ይህ ደግሞ ለጠንካራ ተጓዥ፣ ያውም ያለ ዕረፍት ነው። እኔ ሁልጊዜ ግማሹን እጨምርበታለሁ። ያኔ ከ4 ሰዓት ያልፋል፤ እርስዎም የፈጀብዎ ይኸው ነው።

ከዓመታት በፊት የወንድሜን ልጅ ይዤ አንድ ኮረብታ ወጥቼ ነበር። ጫፉ ቅርብ ይመስላል። «አሁን ደረስን» እያልን 10 ሰዓት አለፈ፣ 11 ሰዓትም አለፈ። ስንወርድ ጨለመብን። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ልጁ እጄን ጭምቅ አድርጎ እንደያዘ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ነው እስከ ታች የወረደው። ያ አያያዝ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ገና ከቤት ሳልወጣ የመመለሻ ሰዓት እቆርጣለሁ፤ ለሚቀር ሰውም እነግራለሁ። ሰዓቱ ከሞላ ጫፉ 100 ሜትር ቢቀረኝም ፊቴን አዞራለሁ።

ሰዓት ካልያዙ እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ጣቶችዎን በፀሐይና በአድማሱ መካከል በአግድም ይደርድሩ። አንዷ ጣት በግምት 15 ደቂቃ ናት። አራት ጣት ከገባ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቷል ማለት ነው። ተራራ ከፊትዎ ካለ ግን ፀሐይዋ ቀድማ ትደበቃለች። ስልክዎን የበረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪ ይጨርሳል። ካርታውን ቀድመው ካወረዱት ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና ጃኬትም አይለዩዎት። ሽቅብ በወጡ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ እያለን መብረቅ ቢመጣስ?

መልስ፦ ብልጭታውን ስታዩ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሰከንድ ካልሞላ ቤት ወይም የብረት ጣሪያ ያለው መኪና ውስጥ ግቡ። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር በፍጹም አትጠለሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ የፍራፍሬ ልጣጭ ጫካ ብንጥል ምን ችግር አለው? ይበሰብሳል አይደል?

መልስ፦ ይበሰብሳል፤ ግን ቶሎ አይደለም። ብዙ ሰው በሚመላለስበት መንገድ አንዱ ሳይበሰብስ ሌላው ይደረብበታል። ከዚህ የሚብሰው እንስሳቱ የሰው ምግብ መልመዳቸው ነው። የለመደ ዝንጀሮ ቦርሳ ይነጥቃል፣ ልጅ ያስደነግጣል። በመጨረሻ ጥፋተኛ ተብሎ የሚባረረው ወይም የሚገደለው ግን እሱ ነው። ትንሽ ፌስታል ኪሳችሁ ውስጥ ያዙና ልጣጩን ይዛችሁ ተመለሱ። እኔ ባዶ ፌስታል ሁለት እይዛለሁ፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው መንገድ ላይ ላገኘሁት ቆሻሻ።