በዘር የማይወረስ ጣፋጭነት

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ከጓሯቸው ካለ ያረጀ ዛፍ ለቅመው የሰጡኝ አፕል ቢጫ ሲሆን፣ ከአናቱ እስከ ታች በልጡ ላይ እንደ ስፌት ያለ መስመር አለው፤ ሲበሉት ፈጽሞ አይጎመዝዝም። ስሙ «ቶልማን ስዊት» ነው ብለውኛል። ዘሮቹን ተክዬ በቅለዋል፤ እናታቸውን የመሰለ ፍሬ ይሰጡኛል? ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴስ ልወስድላት እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ያ ስፌት መሰል መስመር የዝርያው ዋና መለያ ስለሆነ ጎረቤትዎ የነገሩዎት ስም ትክክል ይመስለኛል። ቶልማን ስዊት ዛሬ የቦስተን አካል በሆነችው በዶርቼስተር እንደተገኘ ይታመናል፤ በጽሑፍ የሚታወቀውም እ.ኤ.አ. ከ1822 ጀምሮ ነው። የጥንቶቹ ገበሬዎች ከነሙሉው ይጠብሱት፣ በኮምጣጤና በቅመም ያቆዩት፣ የተረፈውንም ለከብት ይሰጡት ነበር።

ጣፋጭ የተባለው ስኳሩ ከሌሎች ስለሚበልጥ ሳይሆን አፕልን የሚያጎመዝዘው ማሊክ አሲድ በጣም ስለሚያንሰው ነው፤ የጥያቄዎም መልስ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ይህ ጠባይ በልጅ ላይ የሚታየው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። የአፕል ዛፍ ደግሞ በራሱ የአበባ ብናኝ እምብዛም ስለማያፈራ፣ አባት የሚሆነው ንብ ብናኙን ያመጣችበት ሌላ ዛፍ ነው። በአካባቢዎ ያሉት ዛፎች በአብዛኛው ጎምዛዛ ስለሚሆኑ፣ ችግኞችዎ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያፈሩ ያንን ጣዕም ያገኙባቸዋል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም።

ዝርያው ሳይለወጥ የሚቀጥለው ቀንበጡ በሌላ ግንድ ላይ ሲዳቀል፣ ማለትም ተጣብቆ አብሮ እንዲያድግ ሲደረግ ነው። በየካቲት፣ ዛፉ ገና ሳያቆጠቁጥ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የዓመቱን ቀንበጥ ቆርጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት፤ ከበሰለ ፍራፍሬ የሚወጣው ጋዝ እንቡጡን ስለሚገድለው ከፍራፍሬ ጋር አያስቀምጡት። በሚያዝያ ቀንበጡንም ግንዱንም በሰያፍ ቆርጠው፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ከአረንጓዴው ጋር እንዲገጥም አድርገው አጥብቀው ይሰሩት፤ ቁስሉንም በሰም ይሸፍኑት።

ወደ ደብረ ብርሃን መውሰዱን ግን አልመክርዎም። የተክል በሽታ ስለሚተላለፍ ያለ ኳራንቲን ፈቃድ ቀንበጥ ይዞ መጓዝ አይገባም፤ በዚያ ላይ ዛፉ በደንብ ለማበብ ወራት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ለእናትዎ ብዙ ብርድ የማይፈልጉት «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የተባሉት የአፕል ዝርያዎች ይሻሏቸዋል።

ዛፉ አርጅቷል ስላሉ በመጪው የካቲት አራት አምስት ቀንበጥ ይቁረጡ፤ አንዱ ቢደርቅ ሌላው ይይዛል። ያበቀሏቸውንም ችግኞች አይንቀሏቸው፤ እርሳስ ያህል ሲወፍሩ ቀንበጡን የሚያዳቅሉባቸው ግንዶች እነሱ ይሆናሉ።